ጤፍ የሚያካክል ጉድ

ይህን ነገር ለማውራት ብዙ ዓመት ጠብቄያለሁ። የምጠብቀው የሚያውቁኝ ሰዎች ወይ እስኪሞቱ ወይ እስኪረሱ ነበር። አልሞቱም፤ አልረሱምም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ከእኔ የበለጠ ጤነኞች ናቸው። ስለዚህ ስሜን ሳልጠራ ልጀምረው። በደርግ ዘመን ኮልፌ ውስጥ ሳይንስ ያስተምር የነበረ ሰው ሁሉ እኔ ልሆን ስለምችል የፈለጋችሁትን ጠርጥሩ። ሌሎቹ የሳይንስ አስተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ።

ሳይንስ አስተምር ነበር ማለቴን ልብ በሉልኝ። የሰውን አካል ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር አስተምራለሁ። መሀል ላይ ግን አንድ የምዘላት መንደር ነበረች። ስለ መራቢያ አካላት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ጉሮሮዬን እጠርግና «ይህን በየቤታችሁ አንብቡት፤ ቀላል ነው» ብዬ ወደሚቀጥለው እሻገራለሁ። ተማሪዎቹ በዓመቱ ውስጥ ከልባቸው የሚያነቡት ያንን ምዕራፍ ብቻ ስለነበር ዘዴዬ መጥፎ ነው ለማለት ይከብዳል። ችግሩ እኔ ራሴ አለማንበቤ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስኳሩም አብሮት ይቀር ስለነበር ማንም አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ነው፤ ኢምፔሪያሊዝም ደግሞ ከኮልፌ ሩቅ ስለሆነ እንቅልፋችንን እንተኛለን። የዚያን ዕለት ግን አንድ የጤና ባለሙያ ትልልቅ ባለቀለም ሥዕሎች ጠቅልሎ መጣና ስለ አባላዘር በሽታ ያስረዳን ጀመር። አዳራሹ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ እናቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ ነጠላ ግን እንደምታውቁት ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ ደህና አድርጎ ያሳያል። ባለሙያው ሲጨርስ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ «እያንዳንዱ ጓድ ቤቱ ሲገባ ራሱን ይፈትሽ!» አለ። ፍተሻ የሚባል ነገር በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ፈትሹ ከተባልን እንፈትሻለን።

ቤቴ ገባሁ። በሩን ቆለፍኩ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ሳፋ ውስጥ ቆሜ ራሴን ፈተሽኩ። ግለ ሂስ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድም ቀን ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም! ስሙን በማልጠራው አካል ላይ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ነጣ ያሉ ነገሮች ተሰልፈዋል። ሰልፋቸው የአብዮት በዓል ሰልፍ ነው፤ ከመሥመር የወጣ አንድም የለም። አያሙም፣ አያሳክኩም፣ ፈሳሽ የላቸውም። ዝም ብለው ቆመዋል። እኔን የባሰ ያስፈራኝ ዝምታቸው ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሱሪዬን ለብሼ እረሳው ነበር። ያኔ ግን ሁዳዴ ገብቷል፤ ሠርጌ ደግሞ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነው። እጮኛዬ ሙሉነሽ ስልክ ቤት ትሠራለች። ስትስቅ ሰው ዞሮ የሚያያት፣ ስትቆጣ ደግሞ ሰው መንገድ የሚለቅላት ልጅ ናት። እወዳት ነበር። አሁንም ቢሆን እወዳታለሁ፤ ይህን የምጽፈው ግን እሷ ገበያ ሄዳ ነው። ሳፋ ውስጥ እንደቆምኩ ሙሉነሽ ተነሥታ ስትሄድ ታየችኝና አለቀስኩ። ውሃው ቀዝቅዞ ስለነበር ብርዱም ሳያግዘኝ አልቀረም።

ከየት መጣብኝ? አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ኃጢአት ፈልጌ ኃጢአት አጣሁ። ከሙሉነሽ በቀር የሴት እጅ የጨበጥኩት ለደህና ዋሉ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ጠረጠርኩ። ፀጉር አስተካካዩን ጠረጠርኩ፤ እሱ እንኳ ከአንገት በታች አይወርድም። በመጨረሻ ጥርጣሬዬ ከሰልባጅ ተራ በገዛሁት ግራጫ ሱሪ ላይ አረፈ። አንድ የማላውቀው ፈረንጅ የሠራውን ሠርቶ፣ ሱሪውን አውልቆ፣ በመርከብ ጭኖ ለእኔ ልኮልኛል ማለት ነው። ሱሪውን ከቤት አውጥቼ ጣልኩት። በማግሥቱ የጎረቤቴ የወይዘሮ ትርፌ ባል ለብሶት አየሁ። ምን ልበለው? ሰላም ብዬው አለፍኩ።

ሰው ማማከር ነበረብኝ። የማማክረው ሰው ደግሞ ያለኝ አንድ ነው፤ ደምሴ የሚባል የስፖርት አስተማሪ። ደምሴ ከስፖርት በቀር ሁሉንም ያውቃል።

«ደምሴ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ፤» አልኩት በእረፍት ሰዓት።

«እኔ ነኝ?»

«አይ፣ ሌላ።»

«ከእኔ ሌላ ጓደኛ የለህም እኮ።»

«የአገር ቤት ልጅ ነው፤ አታውቀውም። እና እዚያ ላይ ትንንሽ ነገር ወጥቶበታል።»

«የት ላይ?»

«እዚያ ላይ ነዋ።»

ደምሴ ፊቴን ሳይሆን ቀበቶዬን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በል ለዚያ ለአገር ቤቱ ልጅ ንገረው፤ ፌጦ ይውቀጥና በሎሚ ለውሶ ይቀባው። አክስቴ የፊቷን ጭርት ያጠፋችው በዚሁ ነው፤» አለኝ።

«ፊትና እዚያ አንድ ነው እንዴ?»

«ቆዳ አይደለም? ቆዳ ቆዳ ነው።»

ሳይንስ የተማርኩት እኔ፣ ፌጦ የገዛሁትም እኔ። ማታ ወቀጥኩ፣ ሎሚ ጨመቅሁ፣ ለወስኩ፣ ቀባሁ። መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም። «ደምሴ እኮ አዋቂ ነው» ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጣራው ላይ የነበሩት እርግቦች ግን ተነሥተዋል። በዚያ ዘመን ጎረቤት ሲጮህ ሰው በሩን ከፍቶ አይወጣም፤ የተከፈተውን ይዘጋል። የወይዘሮ ትርፌ በር ሲቆለፍ፣ መብራታቸውም ሲጠፋ ሰማሁና አየሁ። እኔም ሳፋዬ ውስጥ ተዘፍዝፌ የአብዮቱን ጠላቶች ሁሉ ይቅር አልኩ።

በማግሥቱ ክፍል የገባሁት እግሬን አንፈራጥጬ ነው። ርእሰ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ አስቁመው «ምነው፣ ፈረስ መጋለብ ጀመርክ?» አሉኝ። ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻልኩ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተማርኩ፤ በዚያው ሳምንት ትጉህ መምህር ተብዬ በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩ። ጤፎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። የተቃጠለው ማሳው ነው።

መድኃኒት ቤትም ሄጃለሁ፤ አልሄደም እንዳትሉኝ። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ ቆንጆ ነበረች፤ ከኋላዬ ደግሞ ሰልፉ እስከ በሩ ነው። «ምን ልርዳህ?» ስትለኝ ሳል ያዘኝ። ሳሌ እውነተኛ ስለመሰላት የሳል ሽሮፕ ሰጠችኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሽሮፑን ግን አልቀባሁትም፤ ያን ያህልማ አልደነዘዝኩም። ጠጣሁት።

ደምሴ ሁለተኛ ምክሩን ያመጣው አካሄዴን አይቶ ነው። «ለአገር ቤቱ ልጅ ንገረው፤» አለኝ፣ «የቆዳ ሐኪም ይየው። ዘነበወርቅ።»

ዘነበወርቅ ያለው ትልቅ ሆስፒታል የማንኛውም ሰው ቆዳ የሚታከምበት ነው፤ ሰፈራችን ግን ከዚያ ሆስፒታል ጋር አያይዞ የሚያውቀው አንድ በሽታ ብቻ ነበር፤ ሥጋ ደዌ። በዚያ በር የገባ ሰው፣ ለእከክም ይግባ ለሽፍታ፣ ሲወጣ ያንን ስም ይዞ ይወጣል። ስሙ ደግሞ እሱ ላይ አይቆምም፤ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ፣ ገና ወዳልተወለዱት ልጆቹ ይተላለፋል። ሰው ልጁን ሲድር አስቀድሞ የሚያጣራው ያንን ነው። በሽታው ከዘር የሚወረስ እንዳልሆነና በመድኃኒት እንደሚድን እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ፤ ያንን ምዕራፍ እንኳ አልዘለልኩትም። ማስተማርና በበሩ መግባት ግን ለየቅል ነው።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ውይይትን ለማታውቁት ላስረዳ። ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመለት ፔጆ ነው። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ስለሚሄድበት ነው ውይይት የተባለው፤ ስብሰባ ይመስላል። መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የከፋ መኪና አልተሠራም። ገብቼ ቁጭ ስል ጉልበቴ ከአንዲት ሴት ጉልበት ጋር ተጋጨ። ቀና ስል የሙሉነሽ አክስት እትዬ አስካለ ናቸው።

«ውይ፣ የኛ ሙሽራ! በሥራ ቀን ወዴት ነው?»

«አየር ጤና፣ እትዬ። ዘመድ ታሞብኝ።»

«እግዚአብሔር ይማረው። እኔ እንኳ እዚሁ ዘነበወርቅ ወራጅ ነኝ፤ የክርስትና ልጄን ልጠይቅ።»

ከሰው ሁሉ የክርስትና ልጃቸው እዚያ ይኖራል! ዘነበወርቅ ስንደርስ እሳቸው ወረዱ፤ እኔ «ደህና ይዋሉ» ብዬ ቀረሁ። አየር ጤና ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ፌጦ የበላውን ሰውነቴን ይዤ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደ ጋላቢ እየተንፈራጠጥኩ በእግሬ ተመለስኩ። የሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ግራ ቀኙን አየሁ፤ ማንም የለም። ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩና ገባሁ። አንድ እግሬ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንዳለ አስፋልቱ ማዶ እትዬ አስካለን አየኋቸው። የክርስትና ልጃቸውን አጥተውት ሲመለሱ ኖሯል። አልጠሩኝም። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና ፊታቸውን አዞሩ።

ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ጣቶቹን በሽታው የጎዳው አንድ ጎልማሳ ነበር። እያላበኝ እንደሆነ አይቶ ክንዴን በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«አይዞህ ወንድሜ። በጊዜ መጥተሃል። አንተ ጣትህ ሙሉ ነው። እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ስደበቅ ነው የዘገየሁት።»

የኔ ሌላ ነው ልበለው? አፈርኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ አቀረቀርኩ። ከሳፋው ቀን ጀምሮ ደግ ቃል የሰጠኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ሳላውቀው እንባዬ መጣ። እሱም የባሰ አጽናናኝ።

ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ንግግሯ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ሴት ናት። «ምንህን ነው?» አለችኝ።

«አንድ ጓደኛ አለኝ፤» ብዬ ጀመርኩ።

«ጓደኛህ ይምጣ፤ አንተን ልይ። አውልቅ።»

አወለቅሁ። ጎንበስ ብላ በመብራት አየች። ከዚያ በሩን ከፈት አድርጋ «ኑ፣ ይህን እዩ!» ብላ ተጣራች። ነጭ ጋዋን የለበሱ የሕክምና ተማሪዎች ግር ብለው ገብተው ከበቡኝ። ዓይኔን ወደ ጣራው ሰቀልኩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንዲት የሴት ድምፅ፣

«እንዴ! ቲቸር!» አለች።

የቀድሞ ተማሪዬ ናት። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ትቀመጥ የነበረች ጎበዝ ልጅ። ሰላም ልበላት ወይስ ሱሪዬን ልሳብ? ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሞከርኩ። ሐኪሟ «ቁም!» አለችኝና ወደ ልጅቷ ዞረች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው፤» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከፊቴ አርቃ። «በብዙ ወንዶች ላይ ይገኛል። አይተላለፍም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም።»

ያንን ምዕራፍ ቤቷ እንዳነበበችው ተረዳሁ።

ሐኪሟም ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ? እንደ ጠቃጠቆ ቁጠረው። ከሴት አልመጣም፣ ለሴት አይሄድም። ቁስል ቢወጣ፣ ቢያሳክክ፣ ፈሳሽ ቢኖረው፣ አዲስ ነገር ወጥቶ ቢያድግ፣ ያን ጊዜ ሳታፍር ና። ይሄንን ግን አትነካካው። ይሄ ዙሪያውን የተላጠው ምንድን ነው?»

«ፌጦ ነው።»

«ምን?»

«ፌጦ በሎሚ።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ወደ ግድግዳ ዞረ። ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲህ የማክምህ በሽታህን አይደለም፤ መድኃኒትህን ነው፤» ብላ ለቃጠሎው ቅባት አዘዘችልኝ።

ወጣሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰማዩ፣ አስፋልቱ፣ የበግ ነጋዴው ሁሉ ዘመዴ መሰለኝ። ኮልፌ ስደርስ ደግሞ ሰፈሩም አብሮኝ የተደሰተ መሰለኝ። ጀሪካን ይዤ ቦኖ ውሃ ስወርድ ሰልፈኛው ሁሉ ወደ ጎን ሸሸት እያለ «ቅዳ፣ ቅዳ፤ አንተ ቅደም» አለኝ። ከአብዮቱ ወዲህ ወረፋ ሳልጠብቅ ውሃ የቀዳሁት ያን ቀን ነው። የቀበሌ ሱቅም እንዲሁ፤ ሻጩ ስኳሬን መዝኖ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ራሱ ግድግዳው ድረስ ፈቀቅ አለልኝ። ወይዘሮ ትርፌ በሩቅ አየችኝና የልጇን እጅ ይዛ ሮጠች። ሰው ሲጠግብ ፊቱ ያበራል ይሉ የለ፣ የኔም ፊት ደስታ አብርቶት ነው አልኩ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው!

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡብኝ። ሙሉነሽን ለእኔ የለመኑልኝ እነሱው ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው የጥንት አርበኛ ናቸው። ወንበር አቀረብኩ፤ ተቀመጡ። ምሳ ላቅርብ አልኩ፤ «ይቆየን» አሉ። ውሃ እንኳ አልነኩም።

መነጽር ያደረጉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባትህ በምን ነበር የሞቱት?»

«በመኪና አደጋ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት በሕይወት ነበሩ።»

ተያዩ። ሦስተኛው ሽማግሌ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወዳለው የአያቴ ፎቶግራፍ ተጠጉ። አያቴ ካባ ለብሰው ቆመዋል።

«እጃቸው የታለ?» አሉኝ።

«ካባው ውስጥ።»

«ለምን ሸሸጉት?»

«እንጃ። ብርድ ይሆናል።»

«ብርድ!» አሉ ሰውየው፣ ወደ ጓደኞቻቸው እያዩ። አንድ ትልቅ ምስጢር ያወጡ መሰላቸው።

አሁን ነገሩ ገባኝ። ቦኖው ገባኝ፣ ስኳሩ ገባኝ፣ የወይዘሮ ትርፌ ሩጫ ገባኝ። ጋሽ ወንድይራድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በዝግታ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ዘነበወርቅ ስትገባ ታይተሃል። ለአስካለ አየር ጤና ነው የምሄደው ብለህ ዋሽተሃል። የልጅቷ አባት "በዘሩ ደዌ አለበት፤ ሠርጉ ይቅር" ብሏል። እሷ ደግሞ ትላንት ከሰማች ጀምሮ ስታለቅስ ነው የዋለችው። "ቢሆንም አገባዋለሁ፤ እኔው አስታምመዋለሁ" ትላለች። አባቷ "ከነነፍሴ ቅበሪኝ" አላት። እንግዲህ እውነቱን ከአንተ እንስማ።»

ቢሆንም አገባዋለሁ! ይቺ ልጅ ሰው የሚሸሸውን በሽታ ተቀብላ ከእኔ ጋር ልትኖር ቆርጣለች፤ እኔ ጤፍ የምታህል ነገር ለመናገር አፌ ታስሯል። ከፊቴ ያለው ምርጫ ሁለት ነበር። ወይ ሰባት ቤት ዘመዶቼን በሙሉ፣ ካባ የለበሱትን አያቴን ጨምሮ፣ ስማቸውን አስጠፋለሁ፤ ወይ ስለዚያ አካል በሦስት ሽማግሌዎች ፊት አወራለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አወራሁ። ከቀበሌው ስብሰባ ጀምሬ ፌጦውን፣ ሎሚውን፣ ሐኪሟን፣ ተማሪዬን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ስጨርስ ሦስቱም እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ባለመነጽሩ፣ «እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ያላየነውን አንመሰክርም፤» አሉ።

«እንዴት?» አልኩ።

«እናያለና።»

ብዙ ተከራከርን። አንድ ሰው ብቻ በሦስቱም ስም እንዲያይ ተስማማን። ባለመነጽሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለጋሽ ወንድይራድ አዋሱ፤ እኔና ጋሽ ወንድይራድ ከመጋረጃው ኋላ ገባን። በመስኮቱ በኩል ደህና ብርሃን ነበር። ጋሽ ወንድይራድ በርከክ ብለው አዩ። ቆይተው አሁንም አዩ። ሐኪሟ እንኳ ያን ያህል አላየችም። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል። አለቀልኝ፤ ሙሉነሽ ሄደች ብዬ ሱሪዬን ያዝኩ።

ወጥተው ለጓደኞቻቸው «ንጹሕ ነው፤ ሠርጉ በቀኑ ይሁን፤» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነሥተው ሳሙኝ፤ ያ ይቆየን የተባለው ምሳም ተበላ። አያቴንም በፎቶግራፋቸው በኩል ይቅርታ ጠየቋቸው። ከዚያ ለልጅቷ አባት ሊነግሩ ወጡ። ጋሽ ወንድይራድ «ሂዱ፣ እደርሳለሁ» ብለው ቀሩ።

«ሐኪሟ ያለችውን ድገምልኝ፤» አሉኝ። «ሳትጨምር።»

ደገምኩላቸው።

«ተፈጥሮ ነው አለች?»

«አዎ።»

«ለሚስትም አይተላለፍም? ለልጅም?»

«ለማንም አይተላለፍም፣ ጋሼ።»

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የእሳቸውን ታሪክ ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ የለም። የሠርጋቸው ዕለት ሙሽራይቱን በዳሱ ጥለው፣ ጠመንጃቸውን አንሥተው ጣሊያንን ሊዋጉ ጫካ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሚስት አላገቡም። ለአገሩ ሲል ትዳሩን የሠዋ ተብሎ በየድል በዓሉ ይነገርላቸዋል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ተናግሬያለሁ።

«የሠርጌ ዕለት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ስታጠብ አየሁት፤» አሉኝ። «ይህንኑ ያንተን። የሰው ልጅ አረክሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ለማን ይነገራል? ጣሊያን እግዜር ይስጠው፣ ሰበብ ሆነኝ። ጥይት ሲዘንብ ከሰው ቀድሜ እወጣ የነበረው ለምን ይመስልሃል? በገደለኝ ብዬ ነው። እነሱ ጀግና አሉኝ።»

«ሙሽራይቱስ?»

«ብዙ ጠበቀችኝ። ሰው ላከችብኝ። መጨረሻ ላይ ለሌላ ዳሯት። አምና ሞታ ቀብሯ ላይ ነበርኩ፤ ልጆቿ ከፊት አቆሙኝ፤ አርበኛ ነው ብለው።»

ይህን ሁሉ ስቄ የጻፍኩት ሰውዬ እዚህ ላይ አልሳቅኩም።

ለሙሉነሽ በዚያው ሰሞን እኔው ራሴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መታችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ቤታችን ፌጦ አይገባም። አባቷ ሠርጉን ፈቀዱ፤ እትዬ አስካለ ግን እጄን ለመጨበጥ እስከ ልጃችን ክርስትና ድረስ ጊዜ ወሰደባቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ወንድይራድ ሐኪሟ ዘንድ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ውይይት ውስጥ ገባን። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ የሰፈር ሰው «ወዴት ነው ጋሽ ወንድይራድ?» ሲላቸው «ዘነበወርቅ፣ ሐኪም ቤት፤» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ጉልበቶች ወደ ኋላ ሸሹ። እሳቸው ዘወር ብለው እንኳ አላዩም።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተራችንን ጠበቅን። በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። ለአንድ ሽማግሌ የምሥራች የማስነግር መስሎኝ፣ ሐኪሟ «ምንም የለብዎትም» ስትላቸው የሚያበራውን ፊታቸውን ለማየት ቸኩያለሁ። ስማቸው ተጠራ። ተነሡ፤ በሩ ድረስ ደገፍኳቸው። እጀታውን ሲይዙ ግን አልገፉትም። ዘወር ብለው ክንዴን ጨበጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ምነው በሽታ ነው ባለችኝ።»